አፌ ለምን ደረቀ?

በሬዲዮ ከተሰጠ የጎልማሶች ትምህርት ንግግር የተጻፈ

 በጂንካ ከተማና በዙሪያዋ፣ በአሪ፣ በማሌ፣ በበና ፀማይ፣ በሐመር፣ በዳሰነች፣ በኛንጋቶምና በሳላማጎ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ይህን ንግግር ኋላ በወረቀት ታገኙታላችሁ። አሁን በጆሯችሁ ስሙት። ኋላ በዓይናችሁ አንብቡት። ረጅም ቃል ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ እየከፈላችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምራቅ ነው።

ስለ ምራቅ ደግሞ ምን ይወራል? እንትፍ ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም እንዴ? ትሉ ይሆናል። አባቶቻችን ግን ምራቅን አልናቁትም። አስተዋይና ብስል ሰው ሲያዩ «ምራቁን የዋጠ ነው» ይላሉ። ሽማግሌ ልጅ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይላል። በሐመርና በበና ቤትም ሽማግሌው ከገለፈት የተፈላውን ቡና ከቅሉ ፉት ብሎ፣ ከአፉ እፍ እያለ ይመርቃል። ከአፍ የሚወጣ እርጥበት በረከት ነው ማለት ነው። የጤና ትምህርትም በራሱ መንገድ ከዚሁ ይደርሳል። እርጥበት የሌለው አፍ ጥርሱን ጠብቆ አያቆይም።

ምራቅ ምን ይሠራል?

ምራቅ የሚመነጨው ከእጢ ነው። ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር፣ በግራም በቀኝም የምራቅ እጢዎች አሉ። ትላልቆቹ 6 ናቸው። በከንፈርና በጉንጭ ውስጥ ደግሞ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ እጢዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ተባብረው በ24 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚሆን ምራቅ ያወጣሉ። ግማሽ ሊትር ስንት ነው? የትንሿ ሃይላንድ ልክ ነው። ባዶ ሃይላንድ በእጃችሁ ካለ ቁጥሩን አንብቡ፤ 0.5 ይላል። እንግዲህ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው በቀን ይህን ያህል፣ ከዚህም የበለጠ ምራቅ ይውጣል።

ቆሎ ስትበሉ አስቡት። ቆሎ ደረቅ ነው። አፋችሁ ገብቶ ሲታኘክ ግን ይርሳል፤ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ያራሰው ምራቅ ነው። የጨውን፣ የቡናን፣ የማርን ጣዕም ለምላስ የሚያደርሰውም ምራቅ ነው። ምራቅ ከሌለ ማርም እንደ ሰም ነው።

ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ጀርም የምንላቸው ናቸው። ጣፋጭ ነገር ስንበላ እነሱም አብረው ይበላሉ። በልተውም አሲድ ያወጣሉ። አሲድ ማለት እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ፣ ጠንካራውን ነገር የሚበላ ነው። ጥርስን ቀስ በቀስ እየበላ ጉድጓድ የሚያወጣው ይኸው አሲድ ነው። «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን። ትል የለም። አሲድ ነው።

ምራቅ ደርሶ አሲዱን ያጥበዋል፤ ኃይሉንም ያበርደዋል። በዚህ ብቻ አይቆምም። በምራቅ ውስጥ ጥርስ የተሠራበት ማዕድን አለ። ካልሲየምና ፎስፌት ይባላል። አሲዱ ሸርፎ የወሰደውን ምራቅ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሳል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በጭቃ እንደሚለሰን ማለት ነው። አሲዱ ይሸርፋል፣ ምራቁ ይለስናል፤ አሲዱ ይሸርፋል፣ ምራቁ ይለስናል። ምራቅ ሲጠፋ መሸረፉ ይቀጥላል፤ ለሳኙ የለም።

ስለዚህ አፋቸው የሚደርቅ ሰዎች ጥርሳቸው ቶሎ ይበሰብሳል። መበስበሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከድዱ ጠርዝ፣ ከጥርሱ ሥር ነው። ድዳቸው ያብጣል፤ ይደማል። አፋቸው ይሸታል። ምላሳቸው ያቃጥላል። ከንፈራቸውና የከንፈራቸው ዳር ይሰነጠቃል። አንዳንዱም ምላሱ ላይ ነጭ፣ እንደ እርጎ ያለ ነገር ይወጣበታል። ሲፋቅ ከሥሩ ቀልቶ ይታያል። ይህ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ጤና ጣቢያ ያዩታል።

«ፀሐዩ ነው»

በእኛ አካባቢ ሰው አፌ ደረቀ ሲል መልሱ አንድ ነው። «ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ነው» ይባላል። ውሸት አይደለም። ጂንካ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ኦሞራቴ የደረሰ ሰው ግን ከ400 ሜትር በታች ወርዷል። እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው። ከብት ይዞ ሲዞር የሚውል እረኛ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍራ ውሃ የምትቀዳ እናት ያልባሉ። ላብ ሲወጣ ሰውነት ውሃ ይቆጥባል። ከሚቆጥብበት አንዱ ምራቅ ነው። አፍ ይደርቃል።

እንዲህ ያለው መድረቅ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሃና ጥላ ነው። ሰውየው ይጠጣል፤ ከዛፍ ሥር አረፍ ይላል። ምራቁም ይመለሳል።

ሌሊት የማንም ሰው ምራቅ ይቀንሳል። ጠዋት አፍ ደረቅ ብሎ፣ ትንሽ ሸተት ብሎ መነሣት የተለመደ ነው። አፍንጫው ተደፍኖ በአፉ ሲተነፍስ ያደረ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ግን ፊት ታጥቦ፣ ቁርስ ቀምሶ፣ ሲያወሩ ይስተካከላል።

ያልተስተካከለው ነው የሚያሳስበን። ውሃ ጠጥቶ፣ በጥላ አርፎ፣ በጂንካ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ተቀምጦም ምላሱ ከላንቃው ጋር የሚጣበቅበት ሰው አለ። ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድለትም። ሲያወራ አፉ ቸክ ቸክ ይላል። ምራቁ ቢተፋ አረፋና ክር ሆኖ ይንጠለጠላል። ሌሊት ለውሃ ይነሣል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንድ ወር እንዲህ ከሆነ እሱ ፀሐይ አይደለም። ፀሐይ እኮ ማታ ትጠልቃለች!

በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ የሚታይ አንድ ምልክት አለ። ንጹሕ ማንኪያ ታጥቦ ጀርባው በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ሲነካ፣ በጤነኛ አፍ ሸርተት ይላል። በደረቀ አፍ ይጣበቃል።

ውሃ የማያረካው ጥማት

እስቲ አንድ አባት በልባችን እናስብ። ስም አንሰጠውም። ቆላ ነው የሚኖረው። ከብቱን አስገብቶ ሲመጣ አንድ ቅል ውሃ ይጠጣ ነበር። ኋላ ሁለት ቅል ሆነ። ኋላ ሦስት ሆነ። ሌሊት ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ ይወጣል።

ሚስቱ «ያን ሁሉ ውሃ እየጠጣህ ምን ታደርግ!» ትለዋለች።

እሱም «ፀሐዩ አድርቆኝ ነው» ይላታል።

ምግብ ይበላል፤ ግን ይከሳል። «ድርቁ ነው፤ ወተት ስለቀነሰ ነው» ይላል። ጉልበቱ ይደክማል። እግሩ ላይ እሾህ የወጋው ቁስል አልድን ይለዋል። ለገበያ ሲወጣ ጥማቱን ለመቁረጥ ለስላሳ ይገዛል። አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ ሌላ ይጨምራል። ጥማቱ ግን ይብሳል።

ይህ ሰው ምን ሆኗል? ሐኪም ሳያየው እርግጡን መናገር አይቻልም። ግን የስኳር በሽታ ምልክት ይህንኑ ይመስላል። በስኳር በሽታ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይበዛል። ኩላሊት የተረፈውን ስኳር በሽንት ያወጣዋል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃን እየሳበ ይወጣል። ሰውነት ይደርቃል፤ ምራቅም ያንሳል። ሚስቱ ስለጠጣ የሚሸና መስሏት ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስለሚሸና ነው የሚጠማው።

የጥንት ሰዎች ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው ይህን በሽታ ያውቁት ነበር። ልክ ነበሩ፤ ጉንዳኑን የጠራው ስኳሩ ነው። ጉንዳን ባይመጣ ግን «ደኅና ነኝ» አይባልም። ትክክለኛው ምርመራ የደም ነው። ጣት በመርፌ ጫፍ ይወጋል፤ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ይነበባል። ከዚያ በላይ ሕመም የለውም።

ስኳር ያለበት ሰው አፍ በሁለት በኩል ይጎዳል። ምራቁ ያንሳል። ድዱም ቶሎ ይታመማል። የታመመ ድድ ደግሞ የደሙን ስኳር መቆጣጠር ያስቸግራል። አንዱ አንዱን ይገፋዋል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ጥርስ ማጽዳትን ከመድኃኒቱ እኩል ይቁጠረው።

ያ አባት የሚያሳዝነው በሽታው ስለያዘው ብቻ አይደለም። «ፀሐዩ ነው» የሚለው ቃል ስለሸፈነበት ነው። በደጋ የሚኖር ሰው እንዲህ ቢጠማው ወዲያው ይደነግጣል። የቆላ ሰው ግን አይደነግጥም። ሁልጊዜ ይጠማዋላ! በዚህ ምክንያት ነው ለቆላ ሰው ይህን ነገር ደጋግመን የምንናገረው።

ክኒኑን ትቼዋለሁ

አሁን ወደ ሌላው ምክንያት እንሂድ። አፍን ከሚያደርቁ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚበዛው መድኃኒት ነው። አዎ፣ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት። ለጉንፋንና ለሚያሳክክ ሕመም የሚሰጥ ክኒን አፍ ያደርቃል። ክሎርፌኒራሚን ከእነዚህ አንዱ ነው። ክ-ሎር-ፌ-ኒ-ራ-ሚን ብላችሁ አንብቡት። ለድብርትና ለቆየ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊትና የልብ ክኒኖች፣ አንዳንድ የሆድ ቁርጠት መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አፋቸው የሚደርቀው ስላረጁ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እርጅናው ሳይሆን የሚውጡት ክኒን ብዛት ነው።

እስቲ ሌላ ነገር በልባችን እንሣል። አንዲት እናት ጤና ኬላ መጥተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠይቃቸዋለች።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ልጄ፣ አፌ እንጨት ሆነብኝ። እንጀራ አይወርድልኝ።»

«መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የግፊት ክኒን ሰጥተውኝ ነበር። እሱ ነው ያደረቀኝ ብዬ ትቼዋለሁ።»

«ከተዉት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው። ደኅና ነኝ'ኮ፤ ራሴን እንኳ አያመኝም።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኚህ እናት አንዱን ነገር በትክክል ገምተዋል። አፋቸውን ያደረቀው ክኒኑ ሊሆን ይችላል። መተዋቸው ግን አደገኛ ነው። የደም ግፊት ድምፅ የለውም። ራስ ሳያም፣ ሳይሰማ ከፍ ሊል ይችላል። ከፍ እንዳለም በአንድ ቀን የአንጎልን የደም ሥር ሊያፈነዳ ወይም ሊደፍን ይችላል። ያን ጊዜ ግማሽ አካል ይሰንፋል፤ አንደበት ይያዛል፤ ሰውም ይሞታል። ስትሮክ የሚሉት ይህ ነው።

እንጀራ አልወርድ ማለቱ ቀላል ችግር አይደለም። «ቻሉት» ብቻ ብሎ መመለስም ጥሩ አይደለም። አፉ የደረቀ ሰው ምግብ ይቀንሳል፤ ከሰው ጋር ማውራት ያፍራል፤ በመጨረሻም ክኒኑን ይጥላል። ስለዚህ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «ይህ መድኃኒት አፌን አደረቀኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ሊቀንስ ይችላል። በሌላ ክኒን ሊለውጥ ይችላል። የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያዛውር ይችላል። ምንም የሚለወጥ ባይኖር እንኳ አፍ የሚረጥብበትን መንገድ ያሳያል። የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ነው። ጎረቤት አይደለም፤ ባለ ሱቅም አይደለም።

ማንበብ የጀመራችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አላችሁ። መድኃኒት ሲሰጣችሁ ሠራተኛው በአማርኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደተሰጠ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ። በቤት ያሉትን ክኒኖች ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፊደሉ ቢንጋደድ ግድ የለም። ማንበብ ለማይችሉት ለእናታችሁና ለአባታችሁም ጻፉላቸው። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ወረቀቱን ያዙ።

የምራቅ እጢን የሚጎዱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ኤች አይ ቪ አንዱ ነው። የራስና የአንገት ካንሰር በጨረር ሲታከም እጢው አብሮ ይጎዳል። ሰውነት የራሱን እጢ የሚያጠቃበት በሽታም አለ፤ ከአፉ ጋር ዓይንም ይደርቃል። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ነው።

የሕፃን አፍ ሲደርቅ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አዋቂ ነው። የሕፃን ነገር ግን ሌላ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሕፃን አፉና ምላሱ ከደረቀ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አልቆበታል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሳምንት አይጠበቅም፤ ቀንም አይጠበቅም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን፣ ኦ.አር.ኤስ. የተጻፈበትን ከረጢት ከጤና ኬላ ውሰዱ። አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ያቺ 0.5 የሚል የተጻፈባት ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ስትሞላ 1 ሊትር ናት። በማንኪያ በማንኪያ አጠጡ፤ ጡትም አታቋርጡ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ፤ አዲስ ይበጥበጥ። ሕፃኑ መጥባትና መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ፣ እያጠጣችሁም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። «ግግ ነው» ብሎ የሕፃን ድድ ማስፋቅና ጥርስ ማስነቀል በአንዳንድ ቦታ አለ። ይህ ልጁን ያደማል፤ ያመረቅዛል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

ከረሜላውን ተዉት

ወደ አዋቂዎቹ እንመለስ። አፉ የደረቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጣፋጭ ነገር ይፈልጋል። እውነት ነው፣ ከረሜላ ሲመጠጥ ምራቅ ይመጣል። ግን ያ ምራቅ ጥቂት ነው፤ ስኳሩ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ለሳኝ በሌለበት ቤት ላይ ቀኑን ሙሉ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው የሚሆንበት። ለስላሳ መጠጥም እንደዚሁ ነው። ስኳርም አሲድም አለበት። በገበያ ቀን፣ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠርሙስ ፉት ፉት እያሉ መዋል በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ከመጨረስ የበለጠ ጥርስ ይጎዳል።

ማርስ? አካባቢያችን የማር አገር ነው፤ ማርም መድኃኒት ነው ይባላል። ለሌላው ይሁን። ለደረቀ አፍ ግን ማርም ስኳር ነው፤ ይጣበቃልም። ሸንኮራም እንደዚሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ሸንኮራ ለብዙ ሰው ቀርቧል። ከምግብ ጋር በልቶ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይሻላል። ሲያኝኩ መዋል ግን አይደለም። ሎሚም ምራቅ ያመጣል ብለው የሚመጡ አሉ። ሎሚ ራሱ አሲድ ነው። በምግብ ላይ ጠብ ማድረግ ምንም አይደለም። ደጋግሞ መምጠጥ ግን የጥርስን ልባስ ያሟሟል።

ጫት አፍ ያደርቃል። ድርቀቱን ለማለፍም ከጎኑ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። ጥርስ በሁለት በኩል ተመታ ማለት ነው። ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ጫት ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል። ትምባሆ ቢታኘክም፣ ቢጤስም ድድን ይጎዳል፤ አፍንም ለካንሰር ያጋልጣል። አረቄ ሽንት ያበዛል፤ ከውስጥ ያደርቃል። ጠዋት አፉ እንደ አመድ ሆኖ የሚነሣ ጠጪ ይህን ያውቀዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ውሃ ቅርብ ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ቅል ከመጨለጥ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ፉት ማለት ይሻላል። ከብት ይዛችሁ ስትወጡ ውሃ ያዙ። ማታም ከመኝታ አጠገብ ይኑር። ውሃው ግን ንጹሕ ይሁን። ከኦሞ ወንዝም ሆነ ከአሸዋ ተቆፍሮ የተቀዳ ውሃ ይፈላ ወይም በውሃ አጋር ይታከም። አፍ ልናረጥብ ብለን ተቅማጥ ብናመጣ ምን ተጠቀምን?

ምግቡ እርጥብ ይሁን። ደረቅ ዳቦና ቆሎ ለጊዜው ይቅር። ገንፎ፣ ሾርባ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ ለስልሶ የተቀቀለ ጎመንና ሽፈራው ጥሩ ናቸው። ወተት ደግሞ ለደረቀ አፍ ከሚጠጡት ሁሉ የተመረጠ ነው። ያረጥባል፤ ለጥርስ የሚሆነው ካልሲየምም አለው። አፍልታችሁ፣ ያለ ስኳር ጠጡት። በርበሬ የበዛበትና ጨው የበዛበት ምግብ የደረቀ ምላስን ያቃጥላል፤ ቀነስ ይደረግ። ስኳር የሌለው ማስቲካ የሚገኝ ከሆነ እሱን ማኘክ ምራቅ ያመጣል። ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ፤ ስኳር ካለበት ይቅር።

ጥርስ ጠዋትና ማታ ይጽዳ። ከሁለቱ ይልቅ የማታው ይበልጣል። ለምን? ሌሊት ምራቅ ስለሌለ። ምግብ በጥርሱ ይዞ የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጀርሞቹን ሲቀልብ ያድራል። ፍሎራይድ የሚል የተጻፈበት የጥርስ ሳሙና ግዙ። ፍሎራይድ የተሸረፈውን ጥርስ ከምራቅ ጋር ሆኖ ያጠነክራል። ካጸዳችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት፤ በብዙ ውሃ አትጉመጥመጡ። መድኃኒቱ ጥርሱ ላይ ይደር። መፋቂያ የለመዳችሁ አትተዉት፤ ጥሩ ልማድ ነው። ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት። ሲደነድን ቁረጡት። ድዱን አታድሙ። የውስጥ በኩሉን፣ ከምላስ ጎን ያለውንም አትርሱ፤ በመፋቂያ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው። የጥርስ ሳሙናውን በመፋቂያው ጫፍ መቀባት ይቻላል።

አፍ ሲያቃጥል፣ ድድ ሲያብጥ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ይጉመጥመጡበት፤ ከዚያ ይትፉት። በተለይ ግፊት ያለበት አይዋጠው። ለከንፈር ቫዝሊን ወይም ንጹሕ ቅቤ ይቀባ። ቅቤው ከቀይ አፈር ጋር ያልተቀላቀለ ይሁን፤ እሱ ለጠጉር ነው!

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትሄዱ «ጥርሴን ንቀሉልኝ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። የተበላሸው ጥርስ ቢነቀል አፉ ግን ደረቅ ከሆነ የሚቀጥለው ጥርስ ተራውን ይጠብቃል። አፋችሁ ከደረቀ ስንት ሳምንት እንደሆነው ንገሯቸው። ሌሊት ለውሃና ለሽንት ስንት ጊዜ እንደምትነሡ ንገሯቸው። ከስታችሁ እንደሆነ ንገሯቸው። የመድኃኒቶቹን ወረቀት አሳዩአቸው። የስኳር ምርመራ እንዲደረግላችሁም ጠይቁ።